ከዜሮ በታች 20፣ አራት ሰው፣ አንድ ውሻ፦ ጠይቁኝ

ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼና ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ሊፍት (ሰው ሽቅብ የሚያወጣ የገመድ ማጓጓዣ) የሌለበት በረዷማ ተራራ በራሳችን ጉልበት ወጥተን በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ወረድን። ስንነሳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር። ዓመታት የቆየሁበት ነገር ነውና የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሊፍት ከሌለ በስኪ ሽቅብ እንዴት ይወጣል? ወደኋላ አያንሸራትትም?

ከስኪው ሥር ስኪን የሚባል ፀጉራም ጨርቅ ይለጠፋል። ፀጉሩ የተኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደፊት ስትገፋው ይሄድልሃል፣ ወደኋላ ሲል በረዶውን ነክሶ ይይዛል። ተረከዝህ ከስኪው ስለሚላቀቅ ትራመዳለህ። ጫፍ ላይ ጨርቁን ትልጠዋለህ፣ ተረከዝህን ትቆልፋለህ፣ ትወርዳለህ። ጣጣው ሙጫው ብርድ አይወድም። ቅዳሜ አንዱ ጓደኛችን ጨርቁን ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎት ነበር፤ ለሁለተኛው ዙር አልለጠፍ ብሎት ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። እኔ ጃኬቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ያለህን ልብስ ሁሉ ደራርበህ ነው የምትወጣው?

ኧረ በጭራሽ! ትንሽ እየበረደኝ ነው የምነሳው። ሽቅቡ ያሞቃል፤ ካላበህ ደግሞ ላቡ ስትቆም ይበርድብሃል። ጥጥ ልብስ ለዚህ ነው የማይሆነው፣ ከረጠበ አይደርቅም። ወፍራሙን ጃኬት የማወጣው ልክ እንደቆምኩ፣ ብርዱ ሳይጀምረኝ ነው። ነፋሱንም አትርሳ፦ ከዜሮ በታች 20 ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ ገላ ላይ ከዜሮ በታች 33 ያህል ይሰማል። በየዕረፍቱ ፊት ለፊት እንተያያለን። ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ብርድ የመታው ነጭ ቆዳ ከታየ የሞቀ መዳፍ ይደረግበታል እንጂ አይታሽም።

ጥያቄ፦ ውሻው አያሳዝንህም? የኔ እኮ ቤት ውስጥም ይንቀጠቀጣል።

ያንተን አትውሰደው። ቡቺ ድርብ ፀጉር ያለው፣ ወጣትና ተራራ የለመደ ነው፤ እሱም ቢሆን ይቸገራል። ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ቁጭ ብሎ የፊት እግሩን መንከስ ጀመረ። ጓንቴን አውልቄ ሳየው በጣቶቹ መሃል ሽምብራ የሚያክል በረዶ ከፀጉሩ ጋር ተጣብቋል። ጎትተህ ብታወጣው ፀጉሩን ትነቅለዋለህ፤ በጣቴ ይዤ አንድ በአንድ አሟሟሁለት። ጥፋቱ የኔ ነው፦ ያንን ፀጉር ቀድሜ መከርከም፣ ሰምም መቀባት ነበረብኝ። ሲጠማው በረዶ እንዳይበላ ለብ ያለ ውሃ እይዝለታለሁ።

ጥያቄ፦ ስትወርዱ አብሯችሁ ይሮጣል?

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄንን ነው፣ ከብርዱም በላይ። የስኪ ጠርዝ የተሳለ ብረት ነው፤ አጠገብህ የሚሮጥ ውሻ እግሩ ላይ ካረፈ ጅማት ይበጥሳል። ስለዚህ አንዳችን ቡቺን ይዘን እንቆያለን፤ ሌሎቹ ወርደው ከመንገዱ ዘወር ሲሉ ይለቀቃል። ያዡ ከሁሉም ኋላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፋሻ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የበረዶ ናዳስ?

ጠዋት የናዳ ትንበያ ሳናነብ አንወጣም፤ የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከ30 በታች መረጥን፤ ከበላያችንም ቀጥ ያለ ገደል እንዳይኖር አየን። እያንዳንዳችን አካፋ፣ መፈለጊያ ዘንግና ቢከን የሚባለውን ምልክት ላኪ ይዘናል። የተቀበረ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው።

ጥያቄ፦ ለቡቺም ቢከን አስረህለታል?

አላሰርኩም። የሰው ቢከኖች ሁሉ በአንድ የሬዲዮ ሞገድ፣ በ457 ኪሎ ኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ ያንኑ ለውሻ ብታስርለት ፈላጊው ምልክቱ የሰው ይሁን የውሻ አይለይም። ጓደኛዬ ተቀብሮ ውሻዬን ሲቆፍሩ እንዲውሉ አልፈልግም። እወደዋለሁ፣ ግን እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ሁለት ዙር ብቻ?

ሦስተኛውን ስንጀምር ቡቺ ዱካዬን መከተል ትቶ ቆመ፤ ጭራውን ወሽቆ እግሮቹን እያፈራረቀ ያነሳል። ተመለስን። ስኪኑ አልለጠፍ ያለው ጓደኛችን ትንሽ አኩርፎ ነበር። መኪና ውስጥ ግን ቡቺ ሄዶ የተኛው እሱ ጭን ላይ ነው።