ቁጭ የማይል የ4 ዓመት ልጅ፦ እኔ ያለፍኩበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 4 ዓመቱ ነው፣ ኬጂ ቁጭ ብሎ አይማርም፣ መምህርቷ "ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ሳይሆን አይቀርም፣ መድኃኒት ይጀምር" ብላሻለች፣ ጎረቤት ደግሞ "ስላልተቆነጠጠ ነው" ይልሻል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ነበርኩ።

በቅድሚያ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ኤዲኤችዲ በአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም፤ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። ቁንጥጫም አያድነውም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ የተማረው እኔን መፍራት ብቻ ነው።

ደግሞም በ4 ዓመት መሮጥና መንቀዥቀዥ የዕድሜው ነው። ሐኪም ኤዲኤችዲ ነው የሚለው ቢያንስ 6 ወር ሲቆይ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ሲታይ፣ የልጁንም ውሎ ሲያውክ ነው። ስለዚህ በመምህር ቃል ብቻ አትደንግጪ።

የሕፃናት ሐኪም ጋር ውሰጂውና ጆሮውን አስመርምሪለት። በደንብ የማይሰማ ልጅ "አይታዘዝም" ይባላል። ስለ እንቅልፉም ሳትጠየቂ ተናገሪ። የኔ ልጅ ማታ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር። እኛ ሲጫወት ውሎ ደክሞት ይመስለን ነበር። ለካ ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ እንቅልፍ ይነሳዋል። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይፈዛል፣ ሕፃን ግን ይብስበታል፣ ይቅበጠበጣል። ስንት ወር በከንቱ ስቆጣው ከረምኩ! አሁንም ያንገበግበኛል። ቀዶ ጥገናው ብዙ ነገር አቀለለልን። ሁሉንም ግን አልፈታውም፤ በኋላ ኤዲኤችዲ እንዳለበት ተነገረን።

በዚህ ዕድሜ መድኃኒት የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ቀድሞ የሚመከረው ወላጅና መምህር አያያዙን እንዲማሩ ነው። ለኔ ለውጥ ያየሁበት ጠዋት ጠዋት ነው። ድሮ ከወጥ ቤት ሆኜ "ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን አምጣ፣ ፊትህን ታጠብ!" እላለሁ። እሱ አንድ ካልሲ ይዞ ግድግዳ ላይ ጉንዳን ሲከተል አገኘዋለሁ። አሁን አጠገቡ ሄጄ በርከክ እላለሁ። ትከሻውን ነካ አድርጌ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ "ካልሲህን አድርግ" እለዋለሁ። ሌላ ነገር አልጨምርም። እጠብቃለሁ። ሲያደርግ ወዲያው "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ካልሲህን ራስህ አደረግክ!" እለዋለሁ። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን ጩኸቱ ከቤታችን ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እንዲህ ያለ ልጅ ከማሰቡ በፊት ይሮጣል። ቡና ስታፈዪ ከሰሉንና ጀበናውን እሱ በማይደርስበት አድርጊ። መንገድ ላይም እጁን አትልቀቂ።

ሐኪም ጋር እስክትሄዱ ሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዢ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ አንኮራፋ ወይ፣ ስልክ ስንት ሰዓት አየ፣ መቼ ባሰበት፣ መቼስ ረጋ ብሎ ተጫወተ። መምህርቷም ያየችውን በወረቀት ትጻፍልሽ። እኔን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው፣ ባዶ እጄን ነበርኩ።

የጆሮውን ውጤት ስታውቂ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።