እግሩ ያበጠ ታካሚ ሂስትሪ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄህ «እግሩ ያበጠ ታካሚ ሲመጣ ያልጠየቅኩት ነገር የለም፤ ራውንድ ላይ ሳቀርብ ግን ሂስትሪህ ዲፈረንሻል የለውም እባላለሁ» የሚል ነው። ሂስትሪ ከታካሚው ጠይቀህ የምታሰባስበው የሕመም ታሪክ ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ ከዚያ ተነስተህ በየቅደም ተከተላቸው የምትዘረዝራቸው ሊሆኑ የሚችሉ በሽታዎች። ችግርህ የጥያቄ ማነስ አይመስለኝም። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት እያልክ በተርታ ስትወርድ ታካሚው ለሁሉም «አዎ፣ ትንሽ ትንሽ» ይልሃል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በሽታ እኩል ይሆንብሃል። ወደ ሲስተም ከመግባትህ በፊት ሦስት ነገር ለይ፦ አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም? መቼ ጀመረ? ከሰውነት መጀመሪያ ያበጠው የቱ ነው?

«አንዱ ብቻ ነው» ሲሉህ ወዲያው አትቀበል። የበለጠ ያበጠው ትንሽ ያበጠውን ይሸፍነዋል። «በሌላኛው እግርዎ ጫማ አይጠብዎትም? ካልሲ ሲያወልቁ ምልክቱ ይቀራል?» ብለህ ጠይቅ። በእውነት አንድ እግር ከሆነ ችግሩ እዚያው እግር ላይ ወይም ከእሱ በላይ ባለው መንገድ ላይ ነው፦ ደም ሥር፣ ሊምፍ፣ ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ወይም ዳሌ ውስጥ የሚጫን ዕጢ። ሁለቱም ከሆኑ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የፕሮቲን እጥረትና መድኃኒት ይቀድማሉ። ድንበሩ ግን ግንብ አይደለም፤ የቆየ የደም ሥር ችግር ያለበት እግር በልብ ድካም ጊዜ ከሌላው በልጦ ሊያብጥ ይችላል።

ጊዜው ላይ «ቆየ» የሚል መልስ አትጻፍ። ቀኑን ካላስታወሱ ከሚያውቁት ነገር ጋር አያይዘው፦ ከበዓሉ በፊት ነው በኋላ? ከወሊድ በፊት ነው በኋላ? ከ72 ሰዓት ያልበለጠ የአንድ እግር እብጠት ካጋጠመህ ሌላውን ሁሉ አቁምና ስለ ዲቪቲ (ጥልቅ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም) ጠይቅ። ባት ላይ ሕመም አለ? ባለፉት 12 ሳምንታት ከባድ ቀዶ ሕክምና ነበር? 3 ቀንና ከዚያ በላይ አልጋ ላይ ውለዋል? እግሩ ጄሶ ገብቶ ነበር ወይም ሽባ ሆኗል? ካንሰር አለ ወይም ባለፉት 6 ወራት ታክመዋል? ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው ያውቃል? በቤተሰብስ? ሴት ከሆነች እርግዝና፣ ከወለደች 6 ሳምንት አለመሙላት፣ ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ። አብዛኞቹ ዌልስ ስኮር (የዲቪቲን ዕድል የሚገምት የነጥብ መለኪያ) ውስጥ ነጥብ የሚያሰጡ ስለሆኑ እዚህ የዘለልከው ጥያቄ በኋላ ስኮሩን ያዛባብሃል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ወዲያው አስከትለህ ስለ ሳንባ ጠይቅ፦ ድንገት የጀመረ ትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስ መሳት። አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ሂስትሪው ይቆያል፤ ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ ደም ግፊት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት) እና ኦክስጅን ይቅደም፣ ሲኒየር ይጠራ።

ሴሉላይተስን (የቆዳና ከቆዳ ሥር ያለ ኢንፌክሽን) ከዲቪቲ በመቅላት ብቻ መለየት ከባድ ነው። የሚረዳህ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መቅላቱን ቀድሞት ሊሆን ይችላል። የገባበትን በርም ፈልግ፦ በእግር ጣቶች መካከል የተላላጠ ቆዳ፣ ጭረት፣ የቆየ ቁስል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከጉልበት ጀርባ እብጠት ኖሯቸው፣ ድንገት ባታቸው ላይ እንደ መበጠስ ተሰምቷቸው ካበጠ፣ የፈነዳ ቤከር ሲስት (ከጉልበት ጀርባ የሚፈጠር ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ነው ብለህ ልታስብ ትችላለህ። ዲቪቲን ሳታስወግድ ግን በዚህ አትጽና።

ሁለት እግር ሲሆን ትልቁ ቁልፍ ቅደም ተከተሉ ነው። ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ የወጣና ቀድሞት ወይም አብሮት በሥራ ጊዜ ትንፋሽ ማጠር ካለ ወደ ልብ ያመራል። ጠዋት ሲነሱ የዓይን ዙሪያ አብጦ፣ ቀን ላይ ፊቱ ቀሎ ማታ እግር የሚያብጥ ከሆነ ወደ ኩላሊት ያመራል። ሆድ ቀድሞ ከተነፋ ወደ ጉበት ያመራል፤ እዚህ ላይ የዓይን ቢጫ መሆንን፣ ደም ማስታወክን፣ ጥቁር ሰገራን፣ አልኮልን፣ የሄፓታይተስ ምርመራ ውጤትን ጠይቀህ እለፍ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሆዱ ከእግሩ እጅግ በልጦ ያበጠ ታካሚ ሁሉ የጉበት አይደለም። የልብ ሽፋን ሲጠነክርም እንደዚሁ ይሆናል፤ ስለዚህ የቲቢ ታሪክ ሳትጠይቅ አትውጣ፣ ምርመራ ላይም የአንገት ደም ሥር ሳታይ ጉበት ብለህ አትጻፍ።

ኦርቶፕኒያ (ጋደም ሲሉ የሚመጣ ትንፋሽ ማጠር) ብዙዎች የሚያበላሹት ጥያቄ ነው። «በስንት ትራስ ይተኛሉ?» ብለህ «በሁለት» ሲሉህ ቱ ፒሎው ኦርቶፕኒያ ብለህ ትጽፋለህ። ሰውየው ግን ዕድሜ ልካቸውን በሁለት ትራስ የተኙ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ጠይቅ፦ «ከመታመምዎ በፊት ስንት ነበር? አሁንስ ስንት ሆነ? አንዱን ብናነሳው ምን ይሰማዎታል?» ፒኤንዲንም (ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ትንፋሽ ማጠር) «ሌሊት ይነቃሉ?» ብቻ ብለህ አትተወው፤ ለሽንትም ይነቃል። ከተኙ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ምን ቀሰቀሳቸው፣ ከዚያስ ምን አደረጉ? ታፍነው ነቅተው፣ ቁጭ ብለው ወይም መስኮት ከፍተው ቆይተው የሚቀላቸው ከሆነ ያኔ ፒኤንዲ ነው።

ሽንት ላይ አረፋ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቆይቶም የማይጠፋ አረፋ ነው የምትፈልገው። መጠኑ ቀንሷል? ቀለሙ እንደ ሻይ ጠቁሯል? ባለፉት ሳምንታት የጉሮሮ ወይም የቆዳ ኢንፌክሽን ነበር? ስኳርና ደም ግፊት ካለ ከመቼ ጀምሮ?

አሁን ወደ መድኃኒት፤ በእኔ ግምት ብዙ ዲያግኖሲስ የሚያመልጠው እዚህ ነው። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል ሰው የሚቆጥረው ለዋና በሽታው የታዘዘለትን ብቻ ነው። በስሙ ጥቀስ፦ ለወገብ የተወጉት ዳይክሎፌናክ፣ ለራስ ምታት የገዙት አይቡፕሮፌን፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የወሰዱት ፕሬድኒሶሎን፣ ለነርቭ የታዘዘ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን። ከተቻለ ማሸጊያውን ያሳዩህ። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በ5 ሚሊ ግራም ያላመጣውን እብጠት ወደ 10 ሲያድግ ሊያመጣው ይችላል፤ መቼ እንደጀመሩና መቼ እንደጨመሩ ከእብጠቱ ቀን ጋር አስተያይ። ይህን ያልጠየቀ ሐኪም ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ይጨምራል። እብጠቱ ደግሞ ቀጫጭኖቹ አርተሪዎች በመስፋታቸው ካፒላሪ ውስጥ ግፊት ጨምሮ የመጣ እንጂ ውኃ ተጠራቅሞ ስላልሆነ በላሲክስ ብዙም አይቀንስም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ጨውና ውኃ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፣ የላሲክስንም ሥራ ያዳክማሉ፤ ደህና የነበረ የልብ ሕመምተኛ ለጉልበቱ ማስታገሻ ጀምሮ አብጦ ሲመጣ የምታየው ለዚህ ነው። የልብ ሕመሙ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ «ለምን አሁን?» የሚለውን አትርሳ፦ መድኃኒት ማቋረጥ፣ ጨው መብዛት፣ ኢንፌክሽን፣ የልብ ምት መዛባት፣ ደም ማነስ፣ እርግዝና።

ወራትና ዓመታት ያስቆጠረ ሲሆን «ሌሊት ተኝተው ሲነሱ ይቀንሳል?» በል። የደም ሥር ከሆነ እግር ከፍ ሲል ይጎድላል፣ ማታ ማታ ይከብዳል፣ ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ላይ ይብሳል። ሊምፍ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ሲቆይ ግን ይጠነክራል፣ አይጎድልም። በባዶ እግር መሄድ፣ እብጠቱ ከእግር መዳፍ መጀመሩና በየጊዜው በትኩሳት እየነደደ መመላለሱ ፖዶኮኒዮሲስን (በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣ የእግር እብጠት) ያሳስባል። ከብሽሽት ወይም ከቆለጥ ከጀመረ ፋይላሪያሲስን (በትንኝ የሚተላለፍ የሊምፍ ትል በሽታ) አስብ፤ የኖሩበትንም አካባቢ ጠይቅ።

ክብደት ላይ ውኃው ያታልላል፤ ሚዛን ሳይቀንስ ሰውየው ሊከሱ ይችላሉ። «ሸሚዝዎ ትከሻ ላይ ሰፍቷል?» በል። አዎ ካሉ ዕጢን፣ ቲቢን፣ የምግብ እጥረትን ተከታተል፤ ሴት ላይ የማኅፀን ደም መፍሰስም አይዘለል። እርግዝናዋ ከ20 ሳምንት ካለፈ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የላይኛው ሆድ ሕመም ይጠየቃል፤ ደም ግፊቷም እዚያው ይለካል።

ስትጽፈው እንዲህ ይምጣ፦ «የ54 ዓመት ሴት፣ ለ3 ወር የቆየ፣ ከሁለቱ ቁርጭምጭሚት ጀምሮ ጉልበት የደረሰ፣ ማታ የሚብስ እብጠት። ከእብጠቱ 1 ወር በፊት ዳገት ላይ የጀመረ ትንፋሽ ማጠር፤ ትራስ ከ1 ወደ 3 ጨምሯል። የፊት እብጠትና የሽንት አረፋ የለም፤ ሆድ ቀድሞ አላበጠም፤ የዓይን ቢጫነት የለም፤ አምሎዲፒንም ሆነ ማስታገሻ አልወሰደችም።» ሲኒየርህ የሚሰማው ኔጋቲቭ ስቴትመንቱን ነው። እያንዳንዱ «የለም» አንድ ዲፈረንሻል ወደ ታች ማውረድ አለበት፤ ምንም የማያወርድ ከሆነ ከኤችፒአይ (የአሁኑ ሕመም ታሪክ) አውጥተህ ሪቪው ኦፍ ሲስተምስ (የየአካል ክፍሉ ምልክቶች ዝርዝር) ውስጥ አስቀምጠው።