ባሮንግ ከማን ላሠራ? ስለ ፊሊፒን ስለቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ያሠራሁትን ባሮንግ (የፊሊፒን ስለት ነው) ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። የፊሊፒኖችን የዱላና የስለት ጥበብ ስማር 14 ዓመት ሆኖኛል፤ አርኒስ፣ ኤስክሪማ፣ ካሊ እያሉ እንደየሰፈሩ ይጠሩታል። አንጥረኛ አይደለሁም። በትእዛዝ ያሠራሁት ሦስት ስለት ነው፦ በመጀመሪያው ተሸወድኩ፣ ሁለተኛው ደህና ነው፣ ሦስተኛው ያያችሁት ነው። ጠይቁ።

ጥ፦ ባሮንግ ያው ገጀራ አይደል እንዴ? ገጀራ ከሆነ ምናለሽ ተራ ሞልቶልህ የለ?

መ፦ ሳቅ አሰኘኸኝ። ግን "ባሮንግ" ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ እውነትም ቅጠል የመሰሉ ገጀራዎች ናቸው፤ እኔም መጀመሪያ የተበላሁት በዚሁ ነው። ባሮንግ የታውሱጎች መታጠቂያ ነው፤ በፊሊፒን ደቡብ ጫፍ፣ በሱሉ ደሴቶች የሚኖሩ ሙስሊም ሕዝብ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ሳማዎችና የባሲላን ያካኖችም ይይዙታል። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ግድም ቢሆን ነው። ቁም ነገሩ ውፍረቱ ላይ ነው። ገጀራ ከላሜራ ተቆርጦ ስለሚወጣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ውፍረቱ አንድ ነው። ደህና ባሮንግ ግን ጀርባው እጀታው ሥር ሰባት ስምንት ሚሊሜትር ወፍሮ ይነሳና ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ጎኑም ልሙጥ አይደለም፤ እንደ ባቄላ ሆድ ጎበጥ ብሎ ወደ ስለቱ ይወርዳል። እንጨት ስትመታበት ሰንጥቆ ይወጣል እንጂ ተሰንቅሮ አይቀርም።

እጅህ ሲገባ ዓይንህን ጨፍን። ጀርባውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠህ ከእጀታው ወደ ጫፉ ሳብ አድርግ። ጣቶችህ እየተቀራረቡ ካልሄዱ የገዛኸው ገጀራ ነው።

ጥ፦ እኔ ልምምድ ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። የትኛውን ላሠራ? ካምፒላን በጣም ነው የወደድኩት።

መ፦ ካምፒላንን የማይወድ የለም። ወደ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት፣ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ስለት፣ አፉን የከፈተ አውሬ የተቀረጸበት እጀታ። የማክታን ደሴት አለቃ ላፑላፑ እ.ኤ.አ. በ1521 መርከበኛውን ማጄላንን የገደለው በእሱ ነው የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። እዚያው የነበረው የማጄላን የጉዞ ጸሐፊ ፒጋፌታ የጻፈው ግን ማጄላንን ግራ እግሩን በትልቅ ስለት መቱት ብሎ ነው፤ ካምፒላን የሚለውን ስም አይጠራም፣ የመታውን ሰውም ለይቶ አልነገረንም።

ለመጀመሪያ ግን አልመክርህም። ረጅም ስለት መሥራት ከባድ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው፣ ጣሪያህም አይችለውም (የጓደኛዬን የሳሎን መብራት ያየ ያውቃል)። የምትማረው ትምህርት ከየት አካባቢ እንደመጣ መምህርህን ጠይቅና የዚያን አገር ስለት አሠራ። ከሴቡ የመጣ ከሆነ ፒኑቲ አለልህ፤ ቀጥ ያለና ቀለል ያለ ነው፣ ስሙም "ፑቲ" ማለትም ነጭ ከሚለው ቃል ነው። ከፓናይና ከኔግሮስ ከሆነ ታሊቦንግ፣ ከታጋሎጎች ከሆነ ኢታክ። ፔኪቲ ቲርሲያ የሚባለው ስልት ከሆነ ጊኑንቲንግ፤ የፊሊፒን ማሪን ወታደሮች ቃኚ ክፍል፣ ፎርስ ሪኮን፣ የሚይዘው ማለት ነው፣ "ጉንቲንግ" መቀስ ነው፣ ቅርጹም የመቀስ አንድ ጎን ይመስላል። እጅህ ዱላውን የለመደበት አካሄድ ከስለቱ ክብደት ጋር ሲገጥም ያን ጊዜ ይገባሃል።

ጥ፦ ከፊሊፒን ላስመጣ ወይስ እዚሁ አሜሪካ ላሠራ?

መ፦ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ። እዚያ አንጥረኛውን "ፓንዳይ" ይሉታል። ሴቡ ውስጥ ካርካር፣ ሉዞን ላይ ደግሞ ፓንጋሲናን ያለችው ፖዞሩቢዮ በዚህ ሥራ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ተጣጣፊውን ባሊሶንግ ከፈለግክ ባታንጋስ፣ ታአል አካባቢ ነው አገሩ። የእነዚህ ሰዎች ጥቅም ቅርጹ በእጃቸው ላይ መኖሩ ነው፤ አባቱ ሲሠራ እያየ ያደገ ሰው ሥዕል አያስፈልገውም። ችግሩ ለአገር ሰውና ለቱሪስት የሚሠሩት አንድ አለመሆኑ ነው። ለገበሬው የሚሠራው ቦሎ (የሥራ ገጀራቸው) አጥንት ይሰብራል፤ ለቱሪስት የሚሠራው በቀለም ያበራል። ስለዚህ ስታዝ "ለሥራ የሚሆን" በልና ከላይ፣ ከጀርባው በኩል የተነሳ ፎቶ ጠይቅ። ሁሉም ሻጭ ጎኑን ነው የሚያሳይህ። ጀርባው ግን አይዋሽም።

የአሜሪካ አንጥረኞች ብረቱን ያውቁታል፣ ሙቀቱን ይለካሉ። የአሜሪካ ስለት አንጥረኞች ማኅበር ፈተና አለው፦ ሰውየው በሠራው ስለት የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ጣውላ ሁለት ጊዜ ይፈልጣል፣ ከዚያ በኋላ ስለቱ ፀጉር መላጨት አለበት፣ መጨረሻ ላይ ሳይሰበር 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህን ያለፈ ሰው ብረት አያበላሽብህም። ቅርጹን ግን ሊያበላሽብህ ይችላል፤ የሚያውቀው የራሱን አገር ካራ ነውና። መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ "የድሮ ባሮንግ በእጅህ ይዘህ ታውቃለህ?" ካላወቀ ሙዚየም ካለ ውሰደው፣ ሰብሳቢ ካለ አገናኘው፣ ከሌለም ሌላ ሰው ፈልግ። የእኔ ሦስተኛው ጥሩ የወጣው አንጥረኛው ከአንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ የድሮ ባሮንግ ለሁለት ሳምንት ተውሶ በየሁለት ኢንቹ ውፍረቱን ለክቶ ስለጻፈው ነው። "ዘመናዊ" ስንል ብረቱና አያያዙ ይዘምን እንጂ ልኩ የድሮው ይሁን ባይ ነኝ።

ጥ፦ ብረቱስ? ከመኪና ባሌስትራ ነው የሚሠሩት ይባላል። ርካሽ ማለት አይደለም ወይ?

መ፦ አይደለም። የጂፕኒ (የፊሊፒን ታክሲ በለው) ባሌስትራ ለፓንዳዩ የመጀመሪያ ምርጫው ነው፤ አገራችንም ባለ እጆቻችን ካራ የሚያወጡት ከባሌስትራ አይደል? አዲስ ሲገዛ ስሙ 5160 የሚባለው ብረት ባሌስትራ የሚሠራበት ነው፦ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ትንሽ ክሮሚየም ያለው፣ ቢመቱት የማይበሳጭ። ለረጅም ስለት ከእሱና 80ሲአርቪ2 ከሚባለው ብረት ውጭ ብዙም አልፈልግም። የአሮጌ ባሌስትራ ጣጣው ስንት ዓመት ጭነት ተሸክሞ የተሰነጠቀ ቦታ ሊኖረው መቻሉ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ ዓይን ላይታየው ይችላል።

አይዝጌ ብረት ለምን አይሆንም ላልሽኝ እህቴ፦ ለወጥ ቤት ቢላዋ ይሆናል፣ ክንድ ለሚያህል ስለት ግን አብዛኛው ሲመታ ይሸረፋል። ጥንካሬውም ቢሆን አይጋነን። በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ55 እስከ 57 ይበቃል። 62 አደርግልሃለሁ የሚል ካጋጠመሽ ሰውየው ትንሽ ቢላዋ ነው የለመደው።

ጥ፦ "ተሸወድኩ" ያልከውን ንገረን እንጂ።

መ፦ እሺ። የመጀመሪያውን በኢንተርኔት አገኘሁት፤ ሠሪውን አልጠራም። ሙሉውን ዋጋ በቅድሚያ ከፈልኩ፣ ሰባት ወር "በቅርቡ" ሲለኝ ከረመ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ሲመጣ ግን ያምራል! እጀታው የጎሽ ቀንድ፣ የብር ቀለበት፣ የወፍ አናት የመሰለ መቋጫ። የደረቀ ቀርከሃ ለመቁረጥ አወጣሁት፣ በሦስተኛው ምት መዳፌ ውስጥ "ቀጭ" የሚል ነገር ተሰማኝ። አራተኛውን አልመታሁም፤ እግዜር ይስጠውና መምህሬ እጄን ያዘ። እጀታውን ስንነቅለው ወደ ውስጥ የገባው የብረቱ ጭራ ከትንሽ ጣቴ ያጠረ ነበር፤ የያዘው ደግሞ የተሰነጣጠቀ ሙጫ።

የድሮዎቹም ጭራቸውን የሚያጣብቁት በዛፍ ሙጫ ነው፣ እሱ ጥፋት አይደለም። ጭራው ግን እጀታው ውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አሁን ሳዝ የማዘው እንዲህ ነው፦ ጭራው ቢያንስ የእጀታውን ሁለት ሦስተኛ ይግባ፣ በኢፖክሲ ይጣበቅ፣ በአንድ ሚስማር ተወግቶ ይተሳሰር፣ እጀታው ከመግባቱ በፊትም የጭራውን ፎቶ ላክልኝ። ፎቶውን የማይልክ ሰው ቀሪውን ገንዘብ አያገኝም። ግማሽ ቅድሚያ፣ ግማሽ ሲያልቅ ነው ሥርዓቱ።

ጥ፦ ዋጋው ስንት ነው በአጭሩ?

መ፦ የፊሊፒን የሥራ ቦሎ መቶ ዶላር የማይሞላ አለ። አሜሪካ በትእዛዝ ከሆነ ብዙ መቶዎች፣ በብርና በቀንድ ካጌጠ ሺዎች።

ጥ፦ ግራኝ ነኝ። ልዩነት አለው?

መ፦ ጥሩ ጠየቅክ፤ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ታሊቦንግንና ሌሎች የቪሳያስ (የመካከለኛው ፊሊፒን ደሴቶች) ስለቶችን ብዙ ጊዜ የሚስሉት እንደ መሮ በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ልሙጥ ነው። ለቀኝ እጅ የተሳለውን ግራኝ ሲይዘው ስለቱ እንጨት ውስጥ ወደማትፈልገው አቅጣጫ ይሾልካል። ስለዚህ "ተገልብጦ ይሳልልኝ" ብለህ ከመጀመሪያው እዘዝ፣ በኋላ አይስተካከልም። እጀታውም ብዙ ጊዜ ለአንድ እጅ የተጣመመ ነው። ባሮንግ በሁለቱም ጎን ስለሚሳል ለአንተ ይቀላል።

ጥ፦ ክሪስስ? የተወላገደው?

መ፦ የሞሮዎቹ፣ ማለትም የደቡብ ፊሊፒን ሙስሊሞች፣ ክሪስ ከኢንዶኔዥያው ይለያል፤ ያኛው በዋናነት ለመውጋት ነው፣ ይኸኛው ሰፋ ብሎ ለመቁረጥም ይሆናል። ለማሠራት ከሁሉም የሚከብድ እሱ ነው። እጀታው ሥር ያለው ሰፊ ክፍል "ጋንግያ" ይባላል፤ በድሮዎቹ ላይ ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠም ቁራጭ ነበር፣ በኋላ በመጡት ላይ ግን መስመር ብቻ ቧጭረው ያስመስሉታል። "ጋንግያውን ለብቻ ትሠራዋለህ?" ብለህ ጠይቅ። ሰውየው ምን እንደሆነ ካላወቀ አመስግነህ ተሰናበት።

ጥ፦ አሜሪካኖች 45 ሽጉጥን የሠሩት ባሮንግ የያዘ ሞሮ በጥይት አልወድቅ ብሎ ነው፣ እውነት ነው?

መ፦ ግማሹ። አሜሪካኖች ፊሊፒንን ይዘው ከሞሮዎች ጋር ሲዋጉ 38 ካሊበር ሽጉጣቸው ስላላስተማመናቸው አሮጌውን 45 ሪቮልቨር መልሰው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ቶምፕሰንና ላጋርድ የተባሉ መኮንኖች በጥይት ጉልበት ላይ ሙከራ አድርገው ወደ 45 አዘነበሉ። ታዋቂው ኮልት 45 ግን ለጦሩ የጸደቀው በ1911 ነው፤ የሞሮ ጦርነት ትልልቅ ውጊያዎች በ1913 አበቁ። ለዚያ ጦርነት ዘግይቶ የደረሰ ሽጉጥ ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ እኔ ዱባይ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች፣ አጎቷ ሚንዳናኦ ነው፣ ለእረፍት ስትሄድ አንድ ላምጣልህ ትለኛለች። ልቀበል?

መ፦ አይሆንም ልጄ። ልቧ ይባረክ፣ ግን ሻንጣዋ ውስጥ ስለት ተገኝቶ እሷ ሥራዋን ብታጣስ? ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ፊሊፒን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፤ ባታስ ፓምባንሳ ቁጥር 6 ይባላል፣ ለሥራ ካልሆነ ስለት ከቤት ይዞ መውጣትን ይከለክላል። ገበሬ ቦሎውን ወገቡ ላይ አድርጎ እርሻው ይሄዳል፣ ማኒላ መሃል ግን እንደዚያ አይኮንም። የአሉሚኒየም መለማመጃ ብትጠይቃት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በእጅ ሻንጣ አይሁን።

አውሮፓ ላላችሁ፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 50 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የጎበጠ ሰይፍ ከልክላለች፣ በባህላዊ መንገድ በእጅ ለተሠሩ ግን ልዩ ሁኔታ አላት። ጀርመን ደግሞ ከ12 ሴንቲሜትር የበለጠ የማይታጠፍ ስለት ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ከማዘዛችሁ በፊት የየአገራችሁን ሕግ አንብቡ።

ጥ፦ እጀታውን በካማጎንግ እንጨት ላሠራ ፈልጌ ነበር።

መ፦ ጥቁርና ውብ ነው፣ ድንጋይ በለው። ግን በፊሊፒን የተጠበቀ ዛፍ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የጎሽ ቀንድ ይበቃሃል። የዝሆን ጥርስ የሚልህን ደግሞ ስልኩን ዝጋበት።

ጥ፦ ዝገትን በምን ትከላከላለህ?

መ፦ ከተጠቀምክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ቀጭን ዘይት ቀባ፣ አፎቱ የቆዳ ከሆነ ውስጡ አታስቀምጠው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ጥ፦ የመጨረሻ፦ ስሜን በአማርኛ ላስቀርጽበት እፈልጋለሁ። ብረቱን ያዳክመዋል?

መ፦ በአሲድ የሚጻፍ ከሆነ ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ አያዳክምም። ግን ፊደሉን ራስህ በትልቁ ጽፈህ፣ ከላይና ከታች ያለውን በቀስት አመልክተህ ላክለት። ስሜ በ"ሀ" ነው የሚጀምረው። አንጥረኛዬ ጎበዝ ነው፣ ውፍረቱን በሚሊሜትር የለካ ሰው ነው፣ ግን ማተሚያውን ዘቅዝቆ ለጥፎት "በ" ሆኖ መጣ። ሰው ሲጠይቀኝ የባሮንግ "ባ" ምልክቷ ጠፍታ ነው እላለሁ።