ጃፓን ቢሮ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲኮን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ጃፓን ውስጥ ሥራ ሊጀምሩ ከተዘጋጁና ከጀመሩም ጥቂት ወራት ካለፋቸው ሐበሾች ነው። አንዳንዶቹ በአቤ ኢኒሼቲቭ (ጃፓን ለአፍሪካ ወጣቶች በምትሰጠው የትምህርት ዕድል) ማስተርሳቸውን ጨርሰው ለልምምድ ኩባንያ የሚገቡ ናቸው፤ ሌሎቹ በቀጥታ የተቀጠሩ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዩልኝ፦ ልማድ አለ፣ ሕግ አለ። ልማዱን ተማሩት፣ አክብሩት፤ ሥራችሁን ያቀልላችኋል። ሕግ የሰጣችሁን ግን ማንም በልማድ ስም አይውሰድባችሁ።

ጥ፦ ሥራ የሚጀመረው 9፡00 ነው ተብያለሁ፣ በእኛ 3 ሰዓት። ስንት ሰዓት ልድረስ?

መ፦ 9፡00 ኮምፒውተርህ ተከፍቶ ሥራ የምትጀምርበት ሰዓት ነው፤ በር የምትገባበት አይደለም። 10 ደቂቃ ቀደም በል፤ ስትገባም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ኦሃዮ ጎዛይማስ» (እንደምን አደራችሁ) በል። ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ ግን መቅደምም ልክ አለው። 5 ደቂቃ ሲቀረው እንግዳ መቀበያው ጋ ቁም። 20 ደቂቃ ቀድመህ ብትደርስ ክፍሉ አልተዘጋጀም፣ ሰውየውም ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ታስጨንቀዋለህ። ካፖርት ከለበስክ ሕንፃው ውስጥ ሳትገባ አውልቀህ ክንድህ ላይ ያዘው።

ባቡር ከዘገየ ጣቢያው «ቺኤን ሾሜይሾ» የሚባል ማስረጃ ይሰጥሃል። ወረቀቱ ግን ስልክን አይተካም። እንደምትዘገይ እንዳወቅህ ደውል፤ የምትደርስበትንም ሰዓት ተናገር። ሰዓቱን ከገመትከው ትንሽ አርቀው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ እንዳትጠይቅ።

ጥ፦ ሁሉም በአያቴ ስም ነው የሚጠሩኝ። እኔን መሆኑን እንኳ ቶሎ አላውቅም። ይስተካከላል?

መ፦ ይስተካከላል እህቴ። በፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም ስለሚገባ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ እሱን አንሥቶ «ሳን» የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ ይጨምርበታል። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ለሰው ኃይል ክፍል አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ መጠሪያዬ ይህ ነው፣ በኢሜይልና በቢዝነስ ካርድ ላይም ይህ ይግባልኝ ብለሽ። ያለ ችግር ይቀበሉሻል።

ባንክ፣ ኢንሹራንስና ግብር ላይ ግን ስምሽ በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል ይሂድ። ብዙ ሰው የሚቸገረው በካታካና አጻጻፍ ነው። «ገብረ» የሚለው ብቻ በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ባንኩ በአንዱ፣ ደመወዝ ክፍሉ በሌላው ከጻፈው፣ አንድ የማርዘሚያ ምልክት እንኳ ብትለያይ የመጀመሪያ ደመወዝሽ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ስምሽን በእጅ ጽፈሽ አትስጪ፤ የባንክ ደብተርሽን ሽፋን ስትገልጪ ስምሽ በካታካና የታተመበትን ገጽ ኮፒ አድርገሽ ስጪ።

ሌሎችን ስትጠሪ የቤተሰብ ስም ላይ «ሳን» ጨምሪ። አለቃ በማዕረግ ይጠራል፦ ታናካ ካቾ (የክፍል ኃላፊ)፣ ታናካ ቡቾ (የመምሪያ ኃላፊ)። ከማዕረጉ በኋላ «ሳን» አይጨመርም። ማዕረግ ትተው ሁሉንም «ሳን» የሚሉ ኩባንያዎችም ስላሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ጆሮሽን ጣል አድርጊ።

ጥ፦ ስልክ ማንሣት የአዲስ ሠራተኛ ሥራ ነው ተባልኩ። ጃፓንኛዬ ገና ነው፣ ያስፈራኛል።

መ፦ አራት ዐረፍተ ነገር ጽፈህ ስልኩ አጠገብ ለጥፍ፤ ለመጀመሪያው ወር ይበቃሃል። ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አንሣ። ከዚያ ካለፈ «ኦማታሴ ኢታሺማሺታ» (ስላስጠበቅኩ ይቅርታ) ብለህ ጀምር፣ የኩባንያውን ስም ተናገር። በሥራ ስልክ «ሞሺ ሞሺ» (ሃሎ) አይባልም። ደዋዩ የኩባንያውንና የራሱን ስም ሲነግርህ ጽፈህ መልሰህ አንብብለት። ካልሰማኸው እንደገና ጠይቅ፤ ስም ተሳስቶ መመዝገቡ ደጋግሞ ከመጠየቅ የባሰ ነው።

አለቃህ ከሌለ «ታናካ ዋ ታዳይማ ሴኪ ኦ ሃዙሺቴ ኦሪማስ» (ታናካ አሁን ቦታው ላይ የለም) ትላለህ። እዚህ ላይ ታናካ ያለ ማዕረግና ያለ «ሳን» መጠራቱን ልብ በል። አንቱ ብለን ላደግን ሰዎች አለቃን በባዶ ስሙ መጥራት ይከብዳል። የጃፓን አክብሮት ግን የሚለካው ማን ፊት እንደቆምክ ነው፤ ከውጭ ሰው ጋር ስትነጋገር አለቃህ የአንተ ወገን ስለሆነ ከእንግዳው ዝቅ ታደርገዋለህ። ታምሞ ነው፣ ፈቃድ ላይ ነው እያልክ ዝርዝር አትስጥ፤ የግል ስልኩንም አትንገር።

ማስታወሻው ላይ ማን ደወለ፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ ስለምን፣ መልሶ ይደውላል ወይስ ይደወልለት፣ ማን ተቀበለው የሚሉት ስድስቱ ይሟሉ። ጠረጴዛው ላይ ለጥፈህ ሲመለስ በቃልም ንገረው።

ጥ፦ የቢዝነስ ካርድ መለዋወጥ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መ፦ ካርዶቹ በመያዣ ውስጥ ይሁኑ፣ ኪስ ውስጥ ተጣጥፈው አይውጡ። ተነሥተህ ቁም፤ በመካከላችሁ ጠረጴዛ ካለ ዞረህ ፊት ለፊት ሂድ። ቅድሚያ የሚሰጠው እንግዳ ሆኖ የሄደው ወይም በደረጃ ዝቅ ያለው ነው። ጽሑፉ ወደ ተቀባዩ ዞሮ፣ ኩባንያህንና ስምህን እየተናገርክ፣ ከእሱ ካርድ ዝቅ አድርገህ ስጥ። የእሱን በሁለት እጅ ተቀበል፤ ጣትህ ስሙን ወይም የኩባንያውን ምልክት አይሸፍን። ስሙን አንብብ፣ አነባበቡ ካልገባህ እዚያው ጠይቅ። ስትቀመጥ ካርዱን በመያዣህ ላይ አድርገህ ከፊትህ አስቀምጠው። ብዙ ሰዎች ከሆኑ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ደርድራቸው፤ ስም ሳትሳሳት ለመጥራት ይረዳሃል። ሰውየው እያየ ካርዱ ላይ አትጻፍ።

መቀመጫም እንዲሁ ነው። ከበሩ የራቀው የክብር ቦታ ነው፣ ለበሩ የቀረበው የአንተ። ታክሲ ውስጥ ክብሩ ከሾፌሩ ኋላ ነው፤ ጋቢና ትንሹ ሰው ተቀምጦ መንገድ ይናገራል፣ ሒሳብ ይከፍላል። አሳንሰር ውስጥ ቁልፎቹ አጠገብ ቁም።

ጥ፦ ሥራዬን በሰዓቱ እጨርሳለሁ፤ ግን «ሆሬንሶ የለህም» ተብዬ ተወቀስኩ። ምንድን ነው?

መ፦ ሆኮኩ ሪፖርት ማድረግ፣ ሬንራኩ ማሳወቅ፣ ሶዳን ማማከር ነው፤ «ሆሬንሶ» የሦስቱ ቃላት መጀመሪያ ተጣምሮ የወጣ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የያማታኔ ሴኩሪቲስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቶሚጂ ያማዛኪ ያስፋፉት ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ሲነሣ ዓላማው መጥፎ ዜና ከታች ወደ ላይ ሳይታፈን የሚደርስበት ኩባንያ ለመፍጠር ነበር። ዛሬ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚመዘንበት ነው።

ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። እኛ አለቃን ላለማስቸገር ችግሩን ራሳችን ፈትተን፣ ያለቀ ነገር ይዘን መቅረብን እንደ ጨዋነት እናያለን። እዚህ ግን እስኪያልቅ ዝም ማለት መደበቅ ሆኖ ይታያል፤ አለቃው ለበላዩ በየመሃሉ መልስ መስጠት አለበትና።

በተግባር እንዲህ አድርግ። ሥራ ሲሰጥህ ጻፍ፣ ከዚያ መልሰህ ተናገር፦ ምን፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ በምን መልክ። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ሳይዙ አለቃ ፊት መቅረብ ያስወቅሳል፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅም እንዲሁ። ከሥራው ሩብ ያህሉን ስትሠራ ረቂቁን አሳየው፤ አቅጣጫው ከተሳሳተ የሚባክነው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ልትዘገይ እንደምትችል የጠረጠርክ ዕለት ተናገር፣ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቅ። ሲያልቅ ደግሞ ሳትጠየቅ «አለቀ» በል። ስትቀርብ «ኢማ ዮሮሺይ ዴሾካ» ብለህ ጊዜ እንዳለው ጠይቅ፤ መደምደሚያውን አስቀድም፣ ምክንያቱን አስከትል።

ስሕተት ከሆነ «ሞሺዋኬ ጎዛይማሴን» (በጣም ይቅርታ) ካልክ በኋላ ምን እንደሆነ፣ አሁን ምን ላይ እንደደረሰ፣ እስካሁን ያደረግከውንና የምታቀርበውን መፍትሔ በዚሁ ቅደም ተከተል ተናገር። ምክንያቱን ስትጠየቅ ብቻ አስረዳ። ከፊት ካስቀደምከው እውነት ቢሆንም ሰበብ ይመስላል።

ጥ፦ ስብሰባ ላይ ጥሩ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ማንም አልተናገረም። አልወደዱትም ማለት ነው?

መ፦ የግድ አይደለም፤ ያቀረብሽበት ቦታ ነው ችግሩ። ብዙ ኩባንያ ውስጥ ስብሰባ ያለቀ ነገር የሚጸድቅበት ነው። ውሳኔው የሚበስለው ከዚያ በፊት በሚደረገው «ኔማዋሺ»፣ ሰውን አንድ በአንድ በማነጋገር ነው። ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ጻፊ። ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች ዘርዝሪ፦ በጀቱን የሚይዘው፣ ሥራው የሚጨምርበት፣ ይቃወማል ብለሽ የምትገምቺው። ከቅርብ አለቃሽ ጀምሪ፤ እሱን አልፎ መሄድ ሁሉን ያበላሻል። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ለምኚና «የሚያሳስብዎ ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ወረቀቱን አስተካክይ። ከዚያ በኋላ ነው «ሪንጊ» የሚባለው የማጽደቂያ ሰነድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ማኅተም ወይም የኮምፒውተር ፊርማ እየተደረገበት የሚዞረው። ቀድሞ ያልሰማ አንድ ሰው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ጥ፦ «ሃይ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ምንም የለም።

መ፦ ያ «ሃይ» እየሰማሁ ነው ማለት ነው፤ እሺታ አይደለም። «ኬንቶ ሺማስ» (እናስብበታለን) ቀን ሳይቆረጥለት ከተነገረ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታ ነው። «ቾቶ ሙዙካሺይ» (ትንሽ ይከብዳል) ከተባለም አልቋል፣ አትግፋ። ለማረጋገጥ ከፈለግክ «እስከ መቼ መልስ ልጠብቅ?» ብለህ ቀኑን ጠይቅ።

ጥ፦ አለቃዬ ሳይወጣ መውጣት ነውር ነው ወይ?

መ፦ ሥራህ ካለቀ አይደለም። «ናኒካ ቴትሱዳው ኮቶ ዋ አሪማስካ» (የማግዘው አለ?) ብለህ ጠይቅ፤ ከሌለ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬይ ሺማስ» (ቀድሜ ልውጣ፣ ይቅርታ) ብለህ ውጣ። ለሚወጣ ሰው ደግሞ «ኦትሱካሬሳማ ዴሺታ» (ደክመዋል፣ እናመሰግናለን) በል። «ጎኩሮሳማ» የበላይ ለበታች የሚለው ስለሆነ ለአለቃ አይባልም።

ይህ ልማዱ ነው፤ ሕጉ እነሆ። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ለማሠራት ኩባንያው ከሠራተኞች ተወካይ ጋር «ሳቡሮኩ» የሚባል ስምምነት ሊኖረው ይገባል። ስምምነቱ ኖሮም የትርፍ ሰዓቱ ጣሪያ በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ነው። ልዩ አንቀጽ ካለ በዓመት እስከ 720 ይደርሳል፤ ያኔም ቢሆን በአንድ ወር 100 ሰዓት መሙላት የለበትም። ክፍያው ቢያንስ 25 በመቶ ጭማሪ አለው፣ በወር ከ60 ሰዓት ሲያልፍ 50 በመቶ፤ ከምሽቱ 22፡00 እስከ 5፡00 ለተሠራው ሌላ 25 በመቶ ይታከላል። ውልህ ላይ «ኮቴይ ዛንግዮ» የሚል ካለ የተወሰነ ትርፍ ሰዓት ደመወዙ ውስጥ ተጠቃልሏል ማለት ነው። ስንት ሰዓት፣ ስንት የን እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ ከዚያ ያለፈው ለብቻው ይከፈላል። «እዚህ ልማዱ እንዲህ ነው» የሚል መልስ ክፍያ አይተካም። የሠራህበትን ሰዓት በየቀኑ ለራስህ መዝግብ።

ጥ፦ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ምክንያት ልስጥ?

መ፦ ግዴታ የለብሽም፤ ቅጹ ላይ «ሺዮ ኖ ታሜ» (ለግል ጉዳይ) ይበቃል። 6 ወር ሠርተሽ ከሥራ ቀናቱ 80 በመቶ ከተገኘሽ 10 ቀን ይገባሻል፣ በየጊዜው እየጨመረ 20 ይደርሳል። በ2 ዓመት ውስጥ ካልተወሰደ ይቃጠላል። 10 ቀንና ከዚያ በላይ ላለው ሠራተኛ ደግሞ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ በዓመት ቢያንስ 5ቱን ማስወሰድ የአሠሪው ግዴታ ነው። ልማዱ የሚጠይቅሽ ቀደም ብሎ መናገርና ሥራሽን ለተተኪ ጽፎ መተውን ነው። ገና ጃንዋሪ 7 የሚውለው ቢሮዎች ከአዲስ ዓመት ዕረፍት በተመለሱ ሰሞን ስለሆነ ኖቬምበር ላይ አስታውቂ። ፋሲካ እሑድ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ስቅለት ነው።

ጥ፦ ኖሚካይ (የመሥሪያ ቤት ምሽት ግብዣ) ላይ አልጠጣም፣ ጾምም አለብኝ። ልቅር?

መ፦ የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣና በዲሴምበር የሚደረገው ቦኔንካይ (የዓመት መዝጊያ ግብዣ) ላይ ብትገኝ ይበጅሃል፤ ሌላው እንደ ፈቃድህ። አዘጋጁ «ካንጂ» ይባላል። ለእሱ ከሳምንት በፊት ምን እንደማትበላ ዘርዝረህ ጻፍለት፤ «አትክልት ብቻ» ካልከው የዓሣ መረቅ ያለበት ይመጣልሃል። «ዳሺ» የሚባለው መረቅ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል፣ ሾርባውም ቅቅል አትክልቱም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ፣ የዓሣ መረቅም ጭምር ብለህ ጻፍ። ሙስሊም ከሆንክ አሳማንና ጀላቲንን፣ ሚሪን የሚባለውን ከአልኮል የሚሠራ ማጣፈጫም ጨምር።

ብርጭቆህን ኡሎንግ ሻይ ሙላና «ካምፓይ» (ለጤናችን) እስኪባል ጠብቅ። ከአለቃ ጋር ስታጋጭ ዝቅ አድርገህ አጋጭ። ለራስህ አትቅዳ፤ የሌላው ሲጎድል ግን በሁለት እጅ ይዘህ ቅዳለት። አለቃህ ከከፈለ በማግሥቱ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ሄደህ አመስግን።

ጥ፦ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ምን ላምጣ?

መ፦ ለክፍሉ ሰው ሁሉ የሚዳረስ፣ አንድ አንድ ተጠቅልሎ የታሸገ። የተቆላና የተፈጨ ቡና በትንንሽ ፓኬት ጥሩ ነው። ጥሬ ቡና የዕፅዋት ኳራንቲን ምርመራ ስለሚያስፈልገው ይቅርብሽ።

ጥ፦ ሥራ መልቀቅ ብፈልግስ?

መ፦ ማብቂያ ቀን የሌለው ውል ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የ2 ሳምንት ማስታወቂያ ይበቃል። የኩባንያ ደንብ ግን በአብዛኛው 1 ወር ይላል፣ ከተቻለ እሱን ጠብቅ። በጊዜ የተገደበ ውል ካለህ ከመናገርህ በፊት ውሉን አስነብበህ ተማከር። በመጀመሪያ የሚነገረው ለቅርብ አለቃ ነው፣ ለብቻ፤ ባልደረባ ቀድሞ ከሰማ ቅሬታ ይፈጥራል። የርክክብ ሰነድ አዘጋጅ፦ ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን በጅምር እንደቀረ።

ስትወጣ «ሪሾኩህዮ» (የሥራ መልቀቂያ ማስረጃ) እና «ጌንሴን ቾሹህዮ» (የገቢና የግብር ማስረጃ) ጠይቅ። በሥራ ቪዛ ያለህ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ መልቀቅህን ለኢሚግሬሽን አሳውቅ፤ አዲስ ሥራ ስትገባም እንደገና። በቂ ምክንያት ሳይኖር ቪዛው የተሰጠበትን ሥራ ሳይሠሩ 3 ወር መቆየት የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሰርዝ ስለሚችል፣ ሥራ ስትፈልግ የላክሃቸውን ማመልከቻዎችና የተጠራህባቸውን ቃለ መጠይቆች ማስረጃ አስቀምጥ።