ንዝረቱ ከእግር ወደ ጎድን ሲሄድ

ጠያቂያችን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ያሽከረክራሉ። ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግራቸውን ሕመም አልለቅ ስላላቸው፣ ከሁለት ወር በፊት ጀርባቸው ላይ ነርቭ አነቃቂ መሣሪያ ተተከለላቸው፤ ከህብለ ሰረሰር አጠገብ በተቀመጠ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመሙን በንዝረት የሚተካ ነው። እፎይ ብለው ነበር። የተሳፋሪ ሻንጣ ካነሱ ወዲህ ግን ንዝረቱ ከእግራቸው ጠፍቶ ጎድናቸው ላይ መጣ። «በሪሞቱ ኃይሉን ብጨምረው ይመለስ ይሆን? በቅርቡ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ይላሉ።

አይጨምሩት፣ ጋሼ። ጎድንዎን ይነዝርዎታል እንጂ እግርዎ ጋ አይደርስም። ሲተኙ ንዝረቱ ቢበረታ ያለ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ወደ ሽቦው ስለሚጠጋ ነው። ቦታ ሲቀይር ግን ሌላ ነገር ነው። ሽቦው የተንሸራተተ ይመስለኛል። ከመሣሪያው ችግሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ይኼ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጠባሳው ሽቦውን አጥብቆ ሳይዘው። ዕቃ አታንሱ፣ አትጎንበሱ፣ ወገባችሁን አትጠምዝዙ የምንለው ለዚህ ነው።

እኔ ሥራዬ እነዚህን መሣሪያዎች ፕሮግራም ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲያልፍ የሚገጥመውን ተቃውሞ፣ እለካለሁ። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ሽቦው ተሰብሯል፣ ወይም ከባትሪው ጋር ያለው መገጣጠሚያ ላልቷል። ልኩ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ራጅ ነው። ሲተከል የተነሳውን ራጅ ጠይቀው ይያዙ፤ ከአዲሱ ጋር ካልተያየ ሽቦው ምን ያህል እንደሄደ አይታወቅም። ብዙዎቹ ሽቦዎች 8 ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚወጣባቸው ነጥቦች፣ አላቸው። ትንሽ ከሆነ የሄደው፣ በሌሎቹ ኤሌክትሮዶች ያለ ቢላ ይስተካከላል። ብዙ ከሄደ እንደገና ቀዶ ሕክምና ነው።

እግርዎ ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካወጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጉዞውን ይህ ሳይጣራ አይጀምሩት። ፕሮግራም የምናደርግበት መሣሪያ የየአምራቹ ለየብቻ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሠራም። አገር ቤት ሄደው የእርስዎን ከየት ያገኙታል?

ሲሄዱም የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ኪስዎ ይያዙ፤ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ያሳዩታል። አዲስ አበባ መብራቱ 220 ቮልት ስለሆነ ቻርጀሩ ላይ «100–240» መጻፉን ይዩ። ፊዚዮቴራፒ ቤት ዲያተርሚ የሚባለውን ማሞቂያ ፈጽሞ አያስነኩ፤ ኃይሉ በሽቦው ገብቶ ነርቭ ይጎዳል። ኤምአርአይ ከታዘዘም አስቀድመው ካርዱን ያሳዩ።

ነገ ክሊኒኩ ጋ ይደውሉ። ለቀጠሮው ሪሞቱንም ቻርጀሩንም ይዘው ይሂዱ።