«አንተ ሐበሻ ነህ፣ አይመለከትህም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ14 ዓመት ልጄን ሱቅ ውስጥ ጥበቃው እየተከታተለ አላስገዛው አለ፤ በመጨረሻም ቦርሳውን አስከፈተው። ምንም አልወሰደም። እኔም «አንተ ሐበሻ ነህ፣ አይመለከትህም፤ እርሳው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ አበዛ። ሰሞኑን ኪሱ ውስጥ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) አገኘሁ። ነገሩ ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ጓደኛ ስለሰጠው ብቻ የሚሞክርም ሞልቷል፤ የሚለየው ልጁ ሲናገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ጉዳዩ በደንብ ተጠንቷል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአዮዋና በጆርጂያ ከ800 በላይ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሲጀመር ልጆቹ 10 እና 11 ዓመታቸው ነበር። በቀለማቸው የተነሳ መናቅና መጠርጠር የበዛባቸው፣ ከፍ ሲሉ ወደ ሲጋራ፣ መጠጥና ማሪዋና የመሄድ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ። ጥንቃቄ የጎደለው ወሲብም እንዲሁ። መሃል ላይ ያለው ንዴት ነው። የተናደደ ልጅ አስቦበት አይገባም፤ ሲሰጡት ግን «እንቢ» ማለት ያቅተዋል።

ይህን ሰምቶ «የጥቁር ልጆች ድሮም እንዲህ ናቸው» የሚል አይጠፋም። በእኛም ቤት ይባላል። ሐሰት ነው! በአገር አቀፍ የተማሪዎች ዳሰሳ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ ያነሰ ሲያጨሱና ያነሰ ሲጠጡ ነው የታየው።

ወደ እርስዎ ልጅ ልመለስ። ጥበቃው የአያቱን አገር አልጠየቀውም። ያየው ጥቁር ልጅ ነው። «አይመለከትህም» ሲሉት በደሉን እናቱም እንዳላየችለት ቆጥሮት ይሆናል። በዚያው ጥናት፣ ቤት ውስጥ የሚያዳምጠውና የሚያቅፈው ወላጅ ያለው ልጅ ላይ ጉዳቱ ቀለል ብሎ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ቬፑን አያንሱበት። የሱቁን ቀን ይጠይቁት፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። መኪና ውስጥ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ካፈጠጡበት አይናገርም። ስለ ቬፑ በማግስቱ ሳይጮኹ ያውሩት፤ ኒኮቲን በዚህ ዕድሜ ቶሎ ሱስ ያስይዛል። ሐኪሙ ጋም ይውሰዱት፣ እርስዎ ውጪ ይቆዩና ብቻቸውን ያውሩ። እንቅልፍና ምግብ ከተወ ቶሎ ያሳዩት። አያድርገውና ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 988 ላይ ይደውሉ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ላለባቸው የሚረዳ የአሜሪካ የስልክ መስመር ነው፣ ሌት ተቀን ይነሳል።