ስለ ዶፓሚን መድኃኒቶች ጠይቁኝ

ቱሉ ዲምቱ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሰሞኑን የፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሰውነት የሚያግተረው በሽታ) ጥያቄ ስለበዛብኝ የምችለውን እዚሁ ልመልስ። በሽታው የሚመጣው ዶፓሚን፣ ማለትም አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዝበት ንጥረ ነገር፣ ሲያንስ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ የጎደላቸው ዶፓሚን ከሆነ ለምን ራሱን ዶፓሚኑን አይውጡም?

መልስ፦ ቢውጡትም አንጎላቸው አይደርስም። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይመልሰዋል። ዋናው መድኃኒት ሊቮዶፓ ግን አጥሩን አልፎ እዚያው ዶፓሚን ይሆናል፤ አብሮት ያለው ካርቢዶፓ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመድኃኒት አደንዝዞ ያስተኛቸውን ጥንቸሎች በሊቮዶፓ አስነስቷቸዋል፤ በ2000 ኖቤል ተሸለመ። ሊቮዶፓ በሽታውን ግን አይነቅልም፤ የተያዘውን እጅና እግር ነው የሚፈታው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጠዋት ደህና ናቸው፤ ከምሳ በኋላ እግራቸው መሬት ላይ ይጣበቃል። ኪኒኑ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ ከምን ጋር እንደሚውጡት ልጠይቅዎ። አንዲት ልጅ የእናቷን ኪኒን ሽሮ ጉርሻ ውስጥ ሸሽጋ ታጎርሳቸው ነበር፤ እንዳይመራቸው ብላ። ሊቮዶፓና ፕሮቲን በአንድ በር ስለሚገቡ ይጋፋሉ። «ጾም ነው፣ ሥጋ የለም» አለችኝ። ሽሮስ ፕሮቲን አይደለም እንዴ? ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ በውኃ ይዋጥ። የብረት ኪኒን ካለም ሰዓቱን ያራርቁት። ይህም ሆኖ ካልተሻላቸው ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪማቸው ያስተካክለው።

ጥያቄ፦ ባቄላ እሸት ያድናል ይላሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬው ከመሬት አልተነሣም፤ እሸቱ ውስጥ ሊቮዶፓ አለ። ግን አንዱ እሸት ከሌላው መጠኑ ይለያያል፤ ኪኒን ላይ ሲደረብም ሊበዛ ይችላል። ለጣዕሙ ይብሉት እንጂ ኪኒኑን አይተኩበት።

ጥያቄ፦ አጎቴ ፕራሚፔክሶል (ዶፓሚንን አስመስሎ የሚሠራው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ከጀመሩ ወዲህ ከቤቲንግ ቤት አይጠፉም።

መልስ፦ በዕድሜያቸው ምን ነካቸው ብላችሁ አትሳቁባቸው፤ አትቆጧቸውም። የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፤ ቁማር፣ ያለ ልክ መግዛት፣ የወሲብ ፍላጎት መጨመር። እሳቸው አፍረው አይናገሩም፤ እርስዎ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ አባቴን ሲያስመልሳቸው ማስታገሻውን ፕላሲል (ሜቶክሎፕራሚድ) ልስጣቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ዶፓሚንን ይዘጋል፣ ያብስባቸዋል።

ጥያቄ፦ ኪኒኑ አልቋል፤ እስከ ደመወዝ ቢቆይስ?

መልስ፦ አይቆይም። ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገተራል፣ ከባድ ትኩሳት ይመጣል፤ ሕይወትም ያሳጣል። አሥር ፍሬ ሲቀር ይምጡ፤ እኔ ጋ ከጠፋ ከተማ ወርዶ መፈለጉ ቀን ይፈጃል።